ድሮን በራሱ ተመልሶ ሲያርፍ፦ የአውቶማቲክ መመለሻው ትክክለኛነት እስከ ምን ድረስ ነው?

ለግል አገልግሎት የሚውሉ አነስተኛ ድሮኖች በሠርግና በልዩ ልዩ ሥነ ሥርዓቶች ቀረጻ፣ በቱሪዝም ማስተዋወቅ፣ በግንባታ ክትትልና በመሬት ልኬት ሥራ ላይ መታየታቸው እየተለመደ መጥቷል። አብዛኞቹ አንድ የጋራ አገልግሎት አላቸው፤ ይኸውም አብራሪው ቁልፍ ሲጫን፣ የመቆጣጠሪያው ሲግናል ሲቋረጥ ወይም ባትሪው ሲያንስ ድሮኑ ያለ ሰው እገዛ ወደ ተነሳበት ቦታ ተመልሶ እንዲያርፍ የሚያደርገው አገልግሎት ነው። ተጠቃሚዎች «ሪተርን ቱ ሆም» በሚለው ስሙ ያውቁታል። በሽያጭ ማስታወቂያዎች ላይ እንደ ዋስትና ስለሚቀርብም፣ ድሮኑ በተነሳበት ስንዝር መሬት ላይ ተመልሶ የሚያርፍ የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም።

በሳተላይት አቅጣጫ ብቻ የሚመለስ ድሮን ሰማዩ ክፍት በሆነበት ስፍራ እንኳ ከተነሳበት ነጥብ ከአንድ እስከ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ሊያርፍ ይችላል። ይህ ልዩነት በሰፊ ሜዳ ላይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በእንግዶች በተሞላ ግቢ፣ በአስፋልት ዳር ወይም በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ሲሆን ግን ሁለት ሜትር ብዙ ነው፤ የሚሽከረከር ፕሮፔለር የሕፃን ዓይን ላይ ወይም የአሽከርካሪ መስታወት ላይ ሊደርስ የሚችልበት ርቀት ነው። በመሆኑም አገልግሎቱ በምን ላይ ተመሥርቶ እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚታመንና መቼ እንደማይታመን ማወቅ ለአብራሪው ብቻ ሳይሆን ከድሮኑ በታች ለሚቆመው ሰው ሁሉ የሚጠቅም ነው።

ለድሮኑ «ቤት» ማለት ምን ማለት ነው?

ድሮኑ የሚመለሰው ወደ ባለቤቱ አይደለም። የሚመለሰው ከመነሳቱ በፊት ወይም በተነሳበት ቅጽበት በማስታወሻው ወደ መዘገበው የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ነው። አብራሪው ከዚያ ቦታ ቢንቀሳቀስ፣ መኪናው ቢሄድ ወይም ቦታው በሰው ቢሞላ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። በጣና ሐይቅ ላይ ከሚጓዝ ጀልባ ድሮን ያስነሳ ሰው የመመለሻ ቁልፉን ቢጫን፣ ድሮኑ ጀልባዋ ቀደም ሲል ወደ ነበረችበት ቦታ ይመለስና በውኃው ላይ ለማረፍ መውረድ ይጀምራል። አንዳንድ ሞዴሎች መነሻ ነጥቡን በበረራ ወቅት ወደ መቆጣጠሪያው ቦታ ለማዘዋወር የሚያስችል ምርጫ አላቸው፤ ይሁን እንጂ ምርጫው አብራሪው ራሱ ካላዘዘው በቀር አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ አይውልም።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ችግር ከጥድፊያ የሚመነጭ ነው። ድሮኑ በቂ ሳተላይቶችን ከማግኘቱ በፊት ከተነሳ፣ መነሻ ነጥቡን የሚመዘግበው ጠንካራ ሲግናል ባገኘበት የመጀመሪያ ቦታ ላይ ሲሆን፣ ይህ ቦታ ከጣሪያ በላይ ወይም ከመንገድ ማዶ ሊሆን ይችላል። ከመነሳት በፊት መነሻ ነጥቡ መመዝገቡን የሚገልጸውን መልእክት መጠበቅና ነጥቡ በካርታው ላይ የት እንዳለ መመልከት አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

በገበያ ላይ በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡ፣ የሳተላይት መቀበያ የሌላቸው የመጫወቻ ድሮኖችም «በአንድ ቁልፍ ይመለሳል» የሚል ጽሑፍ በማሸጊያቸው ላይ ይዘው ይገኛሉ። እነዚህ ድሮኖች የተነሱበትን ቦታ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። ቁልፉ ሲጫን የሚያደርጉት ነገር ቢኖር ሲነሱ ፊታቸውን ካዞሩበት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ማለትም ወደ ኋላ መብረር ብቻ ነው። ገዢው በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ይልቅ በመግለጫው ውስጥ የጂፒኤስ መቀበያ መኖሩን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

የሳተላይት አቅጣጫ የሚሳሳትባቸው ምክንያቶች

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ። መቀበያው ቦታውን ለማስላት ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የሚመጣ ሲግናል ያስፈልገዋል። የአሜሪካ መንግሥት እስከ ግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚላከውን ሲግናል ሆን ብሎ ያዛባ ስለነበር፣ በዚያን ጊዜ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ዛሬ ያ ገደብ ተነሥቷል፤ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ተጨምረው በአንድ ጊዜ የሚታዩት ሳተላይቶች ቁጥር አድጓል። የአሁኖቹ ድሮኖች ትክክለኛነት ከቀድሞዎቹ የተሻለ እንዲሆን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

በዚህ ረገድ አምራቾች የሚያወጡት ቁጥር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ለምሳሌ ዲጄአይ የተባለው አምራች ለበርካታ ሞዴሎቹ በሳተላይት እገዛ በአግድም ±1.5 ሜትር፣ ከላይ ወደ ታች ±0.5 ሜትር የሚል መግለጫ ይሰጣል። ይህ ቁጥር ግን ድሮኑ በአየር ላይ በአንድ ቦታ ቆሞ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚያሳይ እንጂ፣ ርቆ ሄዶ ሲመለስ ከተነሳበት ነጥብ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገር አይደለም። በመመለስ ጊዜ ሁለት ልኬቶች ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ሲነሳ የተመዘገበው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከሃያ ወይም ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ፣ ሳተላይቶቹ ቦታቸውን በቀየሩበትና የሰማዩ ሁኔታ በተለወጠበት ሰዓት የሚወሰደው ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ስሕተት ስላላቸው ልዩነቱ በመግለጫው ላይ ከሰፈረው ሊበልጥ ይችላል።

በከተማ ውስጥ ችግሩ ይበረታል። ሲግናሉ በሕንፃ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነጥሮ ሲደርስ ከትክክለኛው መንገድ የረዘመ ጉዞ ስለሚያደርግ፣ መቀበያው ራሱን ከእውነተኛ ቦታው ፈቀቅ ብሎ ያገኘዋል። በጠባብ ግቢ ውስጥ፣ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ወይም በገደል ሥር የተነሳ ድሮን ከላይ ወጥቶ በርሮ ሲመለስ፣ ከላይ ያገኘው ልኬት ትክክል ሆኖ ሳለ ከታች የተመዘገበው የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ድሮኑ በልበ ሙሉነት የሚወርደው በተሳሳተው ነጥብ ላይ ነው።

ኢትዮጵያን በተለይ የሚመለከት አንድ ተጨማሪ ጉዳይም አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል። በዚህ ቀጠና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ በተለይም በመስከረምና በጥቅምት እንዲሁም በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ፣ አዮኖስፌር በሚባለው ከፍተኛ የከባቢ አየር ክፍል ውስጥ የሚፈጠር መዛባት የሳተላይት ሲግናሎችን ያዋዥቃል፤ አልፎ አልፎም ለአፍታ ያቋርጣቸዋል። ክስተቱ የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚያይልባቸው ዓመታት ይበልጥ ይጎላል። በምሽት ዝግጅት ላይ ድሮን የሚያበሩ ሰዎች፣ በቀን የተመለከቱት ትክክለኛነት ማታም እንደዚያው ይቀጥላል ብለው መገመት የለባቸውም። የማታ በረራ የካሜራ ድጋፍንም ስለሚያሳጣ ችግሩ እጥፍ ይሆናል።

ካሜራው የሚያግዘውና የማያግዘው

በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ የሚታየው የሴንቲሜትር ደረጃ ትክክለኛነት ከሳተላይት የመጣ ሳይሆን በድሮኑ ሆድ ሥር ከተገጠመው ካሜራ የመጣ ነው። ድሮኑ ሲነሳ የመሬቱን ገጽታ ፎቶ እያነሳ ያስቀምጣል። ሲመለስ ሳተላይቱ ወደ አካባቢው ያደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ካሜራው ከታች የሚያየውን ካስቀመጠው ምስል ጋር እያመሳከረ ወደ ነጥቡ ያስጠጋዋል። ሥራው ሲሳካ ድሮኑ ከተነሳበት ምንጣፍ ላይ ሲያርፍ መመልከት የተለመደ ነው።

ሆኖም መሟላት ያለባቸው ሁኔታዎች አሉ። ካሜራው በቂ ምስል እንዲይዝ ድሮኑ ሲነሳ ወደ ጎን ሳይሄድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ በበርካታ ሞዴሎች መመሪያ ላይ ይህ ከፍታ 7 ወይም 10 ሜትር ተብሎ ተጠቅሷል። ብዙ አብራሪዎች ገና ሁለት ሜትር ሳይወጡ ወደ ፊት ስለሚነዱት፣ ድሮኑ የሚያመሳክርበት ምስል ሳይኖረው ይቀራል። ብርሃኑ እጅግ የበዛ ወይም ያነሰ መሆን የለበትም። የመሬቱ ገጽታም ምልክት ያለው መሆን ይኖርበታል፤ ወጥ የሆነ የጤፍ ማሳ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ሣር፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ኮንክሪትና ከሁሉም በላይ ውኃ ለካሜራው አስቸጋሪ ናቸው። ከመሬቱ በቀለም የሚለይ፣ ጉልህ ቅርጽ ያለበት የማረፊያ ምንጣፍ መዘርጋት ጠቃሚ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሠርግ ቀረጻ በዚህ ላይ የተለየ ፈተና ያመጣል። ድሮኑ ማለዳ ሲነሳ ግቢው ባዶ ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ እንግዶች ቆመው ያገኛቸዋል። የሚያየው ምስል ካስቀመጠው ጋር ስለማይመሳሰል በሳተላይት ልኬት ብቻ ይወርዳል። ወደ ታች የሚያየው የመከላከያ ሴንሰር ያላቸው ሞዴሎች ከታች ያለው ቦታ ለማረፍ እንደማይመች ሲረዱ በአየር ላይ ቆመው የአብራሪውን ትእዛዝ ይጠብቃሉ፤ ባትሪው ወደ መጨረሻው ከደረሰ ግን መጠበቅ አይችሉም። ቀጫጭን የኤሌክትሪክና የስልክ ሽቦዎችን፣ ቅጠላቸው የረገፈ ቅርንጫፎችንና የድንኳን ገመዶችን ደግሞ ሴንሰሮቹ ብዙ ጊዜ አያዩአቸውም። ስለሆነም ማረፊያው ከእንግዶች ተለይቶ፣ በገመድ ታጥሮ፣ ከላይ ሽቦ የሌለበት ስፍራ መሆን አለበት።

ከፍታ፣ ነፋስና የሳሳ አየር

ድሮኖች ከፍታቸውን በዋናነት የሚለኩት በባሮሜትር፣ ማለትም በአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል አካባቢ የአንድ ሄክቶፓስካል ለውጥ 8 ሜትር ገደማ ከፍታን ያመለክታል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ግን ያው ለውጥ ወደ 11 ሜትር ይጠጋል። በአንድ አጭር በረራ ውስጥ ግፊቱ ብዙ ስለማይለወጥ ስሕተቱ አነስተኛ ነው። ደመና በሚጠራቀምበትና ዝናብ በሚቃረብበት ሰዓት ግን ማሳያው ላይ የሚነበበው ከፍታ በሜትሮች ሊዛባ ይችላል።

ከዚህ በላይ አደጋ የሚያስከትለው የመመለሻ ከፍታን በትክክል አለመረዳት ነው። በመተግበሪያው ላይ 30 ሜትር ተብሎ የተሞላው ቁጥር የሚለካው ከተነሳበት ቦታ እንጂ በዚያ ቅጽበት ከድሮኑ በታች ካለው መሬት አይደለም። አገሩ ሜዳ ከሆነ ልዩነት የለውም። ኢትዮጵያ ግን ተራራና ሸለቆ የሚበዛባት አገር ናት። ከሸለቆ ሥር የተነሳ ድሮን 80 ሜትር ከፍታ ካለው ኮረብታ ማዶ ሆኖ ሲግናል ቢጠፋበት፣ የፊት ሴንሰር ከሌለው በ30 ሜትር ከፍታ ቀጥታ መስመር ይዞ ወደ ኮረብታው ጎን ይበራል። ሲግናሉን የጋረደው ኮረብታ ራሱ የሚጋጨው ኮረብታ ይሆናል ማለት ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል እንዳለው የዓባይ ሸለቆ ባለ ስፍራ ከገደሉ አፋፍ ተነስቶ 200 ሜትር ወደ ታች የወረደ ድሮን፣ ለመመለስ መጀመሪያ እስከ አፋፉ፣ ከዚያም ተጨማሪ 30 ሜትር መውጣት አለበት። ይህ የ230 ሜትር አቀበት አንድ ደቂቃ ያህል ሙሉ ጉልበት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በባትሪው ላይ ያለው ቅሪት በአግድም ርቀት ብቻ ታስቦ ከነበረ ድሮኑ አፋፉ ላይ ሳይደርስ ሊወርድ ይችላል። አብራሪው በየበረራ ቦታው በዙሪያው ያለውን ከፍተኛ ነገር፣ ዛፍም ሆነ ምሰሶ ወይም ኮረብታ፣ ተመልክቶ የመመለሻ ከፍታውን ከዚያ በላይ በበቂ ልዩነት መሙላት ይጠበቅበታል። ባለፈው ሳምንት በሌላ ቦታ የተሞላው ቁጥር ለዛሬ አይሠራም።

ስለ ነፋስ ቀላል ስሌት ማየት ይበቃል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚበር ድሮን በሰከንድ 6 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላ ሲገፋው ከመሬት አንጻር በሰከንድ 16 ሜትር ይጓዛል፤ 960 ሜትር ለመራቅ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ሲመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚሆን ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 4 ሜትር ይወርዳል፤ ያንኑ ርቀት ለመመለስ 4 ደቂቃ ይፈልጋል። ብልህ የሚባሉት የባትሪ ማስጠንቀቂያዎች ለመመለሻ የሚያስፈልገውን ኃይል ያሰላሉ፤ ነገር ግን ነፋሱ በመንገድ ላይ ቢበረታ ስሌቱ ይፈርሳል። ከመሬት ላይ ሲታይ ጸጥ ያለ የሚመስል ቀን ከ50 ሜትር በላይ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል። በዚህ ላይ የደጋው አየር ይጨመርበታል። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር በአንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ ፕሮፔለሮቹ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መሽከርከር አለባቸው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የበረራ ደቂቃ ነፋስ በሌለበት ሁኔታ የተለካ በመሆኑ በደጋ ላይ ሙሉ በሙሉ አይጠበቅም። አንዳንድ አነስተኛ ሞዴሎች ከ4,000 ሜትር በላይ እንዳይበሩ በመመሪያቸው ላይ የተገደቡ ሲሆን፣ የሰሜን ተራሮችና የባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ከዚህ ወሰን ያልፋሉ።

ኮምፓስም ሊጠቀስ ይገባል። ድሮኑ የት እንዳለ ቢያውቅ እንኳ ፊቱ ወዴት እንደዞረ ካላወቀ ወደ ነጥቡ ማምራት አይችልም፤ ዙሪያውን እየሰፋ በሚሄድ ክብ መዞር ይጀምራል። በመኪና ጣሪያ፣ በቆርቆሮ ላይ ወይም ብረት በበዛበት የኮንክሪት ወለል ላይ ድሮን አስቀምጦ ማስነሳት የዚህ ዓይነቱ መዛባት የተለመደ መነሻ ነው።

ፈቃድና ኃላፊነት

በኢትዮጵያ ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ከሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም መሣሪያውን በሻንጣ ይዘው ከመነሳታቸው በፊት ይህን ማወቅ ይኖርባቸዋል። አውቶማቲክ መመለሻ መኖሩ የአብራሪውን ኃላፊነት አይቀንስም። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው የድሮን ምርቶች ደንብም ቢሆን፣ በበርካታ የድሮን ምድቦች ላይ የመቆጣጠሪያ ግንኙነት ሲቋረጥ መሣሪያው አስቀድሞ በሚታወቅ መንገድ ግንኙነቱን እንዲመልስ ወይም በሌሎች ሰዎች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በሚቀንስ አኳኋን በረራውን እንዲያቋርጥ ይጠይቃል። የደንቡ ዓላማ በታች ያለውን ሰው መጠበቅ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ድሮኑ የባለቤቱ ንብረት ነውና ሁለተኛ ነው።

ትክክለኛነቱን በራስ መለካት

የአንድን ድሮን የመመለሻ ትክክለኛነት ለማወቅ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ የሜትር መለኪያ ይሻላል። ፈቃድ በተሰጠበት፣ ሰውና ከብት በሌለበት ክፍት ሜዳ ላይ ምልክት ተደርጎ ድሮኑ ከምልክቱ ላይ ይነሳል፤ ቀጥ ብሎ 10 ሜትር ከወጣ በኋላ 50 ሜትር ያህል ርቆ ይሄድና የመመለሻው ቁልፍ ይጫናል። ሲያርፍ ከምልክቱ ያለው ርቀት ተለክቶ ይመዘገባል። ይህ 10 ጊዜ መደገም አለበት፤ የተወሰኑት ጠዋት፣ የተወሰኑት ከሰዓት በኋላ፣ ጥቂቶቹም ምንጣፉ ተነሥቶ ወይም ድሮኑ ሲነሳ ወዲያው ወደ ጎን እንዲሄድ ተደርጎ። በዚሁ አጋጣሚ አብራሪው አውቶማቲክ መመለሻውን የሚያቋርጠው ቁልፍ የትኛው እንደሆነና በመውረድ ላይ እያለ በመቆጣጠሪያው ወደ ጎን ማስተካከል ይቻል እንደሆነ በእጁ ይለማመዳል። ከነፍስ ጋር የተያያዘ ቁልፍ በችግር ሰዓት መፈለግ የለበትም።

ከአሥሩ ልኬቶች ለሥራ የሚያገለግለው አማካዩ ሳይሆን ትልቁ ነው። ዘጠኙ ግማሽ ሜትር ሆነው አንዱ 3 ሜትር ቢሆን፣ ከሰው ነጻ መሆን ያለበት ቦታ በ3 ሜትር ላይ የደኅንነት ጭማሪ ተደርጎበት የሚታጠረው ነው፤ ያን ያህል ቦታ በማይገኝበት ግቢ ውስጥ ደግሞ አብራሪው በእጅ ማሳረፍ ወይም በረራውን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ይኖርበታል። ውጤቱ፣ ቀኑና የሶፍትዌሩ ስሪት በድሮኑ መያዣ ውስጥ በሚቀመጥ ወረቀት ላይ ከሰፈረ፣ ሶፍትዌሩ በታደሰ ወይም መሣሪያው በተጠገነ ቁጥር ልኬቱን ደግሞ ማነጻጸር ይቻላል።